ጓያም ኦርጋኒክ ነው

ሰሞኑን አንድ ጽሑፍ ከሦስት ሰው ደረሰኝ። መጀመሪያ እህቴ በስልክ ላከችልኝ፤ ቀጥሎ ድሮ አብሮኝ ይሠራ የነበረ ባልደረባዬ፤ በመጨረሻ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ በወረቀት አሳትሞ ይዞልኝ መጣ። ሦስቱም ጓሮዬን ስለሚያውቁ ደስ ይለዋል ብለው ነው። ጽሑፉ ለጎንደር ነዋሪ የተሰጠ ምክር ሲሆን ባጭሩ የሚለው ይህን ነው፦ ገበያ ላይ ያለው አትክልት በኬሚካል ተመርዟል፤ ስለዚህ ያለ ኬሚካል ለማ የሚባለውን ኦርጋኒክ ወይም “የአበሻ” የሆነውን ብቻ ምረጡ። ተፈጥሯዊ የሆነ ምግብ አይጎዳም፤ በንጥረ ምግብም ይበልጣል። አያቶቻችን ያለ ማዳበሪያ እያረሱ ጠግበው በልተዋል፣ ዕድሜም ጠግበዋል። እኛም እያንዳንዳችን ያለ ምንም ወጪ ጓሮአችን ላይ እያመረትን ከገበያው መገላገል እንችላለን።

ደስ አላለኝም። ጓሮ ጠልቼ አይደለም። ወደ ቁስቋም በሚወስደው መንገድ ባለችው ግቢዬ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ቃሪያ፣ በሶብላና ጤና አዳም አለኝ፤ ጥጉን ደግሞ እናቴ የተከለችው ጌሾ ይዞታል። ነገር ግን ጡረታ እስክወጣ ድረስ ከሠላሳ ዓመት በላይ በላቦራቶሪ ውስጥ የሰው ሰገራ በማይክሮስኮፕ ስመረምር ኖሬያለሁ። እንዲህ ያለ ሥራ የሠራ ሰው “ተፈጥሯዊ” የሚለውን ቃል እንደ ምስጋና አይሰማውም። በጽሑፉ ቅደም ተከተል አልሄድም፤ በጣም ካናደደኝ ልጀምር።

ተፈጥሯዊ የሆነ ነገር አይጎዳም ይላሉ ጸሐፊው። የጎንደር ሰው ከሆኑ ጓያን እንዴት ረሱት? ጓያ ማዳበሪያ አይጠይቅም። መድኃኒት የሚረጭለት ገበሬ አይቼ አላውቅም። ዝናብ አጥሮ ሌላው ሰብል ሲከዳ እርሱ መረሬው ላይ ጸንቶ ይቆማል። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን ከጓያ የነጻ እህል በአገሩ የለም። በደምቢያና በፎገራ ግን ክፉ ዓመት በመጣ ቁጥር ሌላ የሚበላ ጠፍቶ ወራት ሙሉ ጓያ ላይ የወደቁ ሰዎች፣ ይልቁንም ጎረምሶች፣ እግራቸው እየተሳሰረ በምርኩዝ ቀርተዋል። “ጓያ ሰበረው” የምንለው ይህንን ነው። መርዙን ፋብሪካ አልጨመረበትም፤ ተክሉ ራሱ በፍሬው ውስጥ የሚሠራው ነው። ነርቭ ያጠቃል፤ አንዴ የሰለለ እግርም ወደ ነበረበት አይመለስም። ጉዳቱን የሚያቀልለው የሰው ብልሃት ነው፦ ፍሬውን ዘፍዝፎ ውሃውን መድፋት፣ ከሌላ እህል ጋር መቀላቀል፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ሌላ የሚበላ ነገር ማግኘት። አበው አርቆ የማያይን ሰው “እንደ ጓያ ነቃይ የፊት የፊቱን” ይሉታል። ጽሑፉን ሳነብ ደጋግሞ የመጣብኝ ይኸው አባባል ነው።

ወደ ሙያዬ ልመለስ። አንዲት ሴት ወስፋት በቀን እስከ 200 ሺህ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ቡናማ፣ ዳር ዳሩ ጎርበጥ ጎርበጥ ያለ ነው፤ ያምራል ብል ይታዘቡኝ ይሆናል። ቅርፊቱ ወፍራም ስለሆነ እርጥብ አፈር ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል። በረኪና አይገድለውም፤ አቼቶም አይገድለውም። የከተማው ሽንት ቤት ፍሳሽ በሚቀላቀልበት ወንዝ የለማ ሰላጣ አንዲት ጠብታ ፀረ-ተባይ ሳይነካው ይህን ሁሉ ተሸክሞ ማዕድ ላይ ሊቀርብ ይችላል። እኔ ጋ ሆዳቸውን ይዘው ይመጡ ከነበሩት ሕፃናት መካከል በፀረ-ተባይ ቅሪት የታመመ አለ ብሎ የላከልኝ ሐኪም አላጋጠመኝም። ይህ ማለት የኬሚካል ቅሪት አይጎዳም ማለት አይደለም፤ ቅሪት ቀስ ብሎ የሚሠራ ነገር ስለሆነ በእኔ ማይክሮስኮፕ አይታይም። ወስፋት፣ አሜባና ጃርዲያ ግን በየቀኑ ይታዩኝ ነበር። ጥሬ ሥጋ ወዳዱም ቢሆን ይወቀው፤ ኮሶ የሰጠው በሬ ከሣር በቀር ምንም አልቀመሰም።

ጸሐፊው ፍግ በብዛት እንድንጠቀም ሲመክሩ መቼና እንዴት የሚለውን ዘለውታል። ትኩስ አዛባ ሰላጣ ሥር መጨመር በሽታን በእጅ መዝራት ነው። በኦርጋኒክ ሕጓ ጥብቅ የሆነችው አሜሪካ እንኳ ያልበሰለ ፍግ አፈር የሚነካ ምርት ከመሰብሰቡ ቢያንስ ከ120 ቀን በፊት አፈር ውስጥ መግባት አለበት ትላለች። ብስባሽ በደንብ ሲዘጋጅ ውስጡ ከ55 ዲግሪ በላይ ይግላል፤ ሙቀቱ ለቀናት ከቆየና ክምሩ ከተገላበጠ አብዛኛውን ተህዋስ ይገድላል። ነገር ግን በግቢያችን ጥግ የምንከምራት ትንሽ ቁልል ያን ያህል አትግልም። ስለዚህ እኔ የአንዱን ክረምት ብስባሽ እስከ ቀጣዩ ክረምት አልነካውም፤ ያኔም የሚቀቀለው ጎመን ሥር እንጂ በጥሬው የሚበላው ሰላጣ ሥር አላደርገውም። ፕላስቲክ የተቃጠለበት አመድም ጓሮዬ አይገባም። ጎረቤቶቼ አመድ ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል።

አያቶቻችን ጠግበው፣ ዕድሜ ጠግበው ኖረዋል የሚለው ነጥብ ሲነበብ ደስ ይላል። እኛ ግን የምናስታውሰው ዕድሜ የጠገቡትን አያቶች ነው፤ አጠገባቸው በልጅነት የተቀበሩትን ወንድሞችና እህቶቻቸውን ማን ይቆጥራቸዋል? የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ በጎርጎርዮሳዊው 1954 ሲከፈት የጤና መኮንንን፣ የኅብረተሰብ ነርስንና ሳኒታሪያንን አንድ ላይ ማሠልጠን የጀመረው ያለ ምክንያት አልነበረም። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ወባ ደምቢያ ሜዳ ገብታ ብዙ ሺህ ሰው ጨርሳ ነበር። ሳኒታሪያኖቹ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ሽንት ቤት ሲያስቆፍሩና ምንጭ ሲያስከልሉ ሕዝቡ የሚበላው ሁሉ ኦርጋኒክ ነበር፤ ሆዱ ግን ትል ሞልቶት ነበር። ወባን ለመመለስ ደግሞ በየቤቱ ግድግዳ የተረጨው ዲዲቲ ነው። ያው ዲዲቲ ጫት ላይ ሲረጭ ባይ ወደ ሕግ እሄዳለሁ፤ ግድግዳ ላይ ተረጭቶ ሕፃን ካተረፈ ግን አመሰግነዋለሁ። ጸሐፊው ይህን ልዩነት አይለዩም፤ ኬሚካል የሚል ቃል ሲያዩ ብዕራቸው ይጨክናል።

ስለ እርሻውም ቢሆን ነገሩ እርሳቸው እንዳሉት ቀላል አይደለም። አያቶቻችን መሬት ያሳርፉ ነበር፤ የሚያሳርፉት መሬት ነበራቸውና። ባቄላና ሽምብራ እያፈራረቁ አፈሩን ያክሙ ነበር (እዚህ ላይ ለጓያም ፍትሕ ልስጠው፤ እርሱም አፈር ያዳብራል)። የዛሬ የወገራ ወይም የደምቢያ ገበሬ ግን ጠባብ ማሳ ከልጆቹ ጋር ተካፍሎ ያርሳል። ፍግ አለ እንዳይሉኝ፤ ፍጉ ተለጥፎ ደርቆ ኩበት ሆኗል። ቅዳሜ ገበያ ይውረዱና ኩበት የሚሸጡትን እናቶች ይጠይቁ። እንጨት በሌለበት አገር ለእንጀራ መጋገሪያ የሚነድደው እርሻው ላይ ይመለስ የነበረው ማዳበሪያ ነው። መንግሥት በአንድ ጀንበር ማዳበሪያ ልከልክል ሲል ምን እንደሚሆን ለማየት ሩቅ ዘመን መሄድ አያስፈልግም። ስሪላንካ በጎርጎርዮሳዊው 2021 የኬሚካል ማዳበሪያ እንዳይገባ ከለከለች፤ የሩዝ ምርቷ አሽቆለቆለ፤ ክልከላውንም በዚያው ዓመት አነሣች። በእኛም በ2015 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ማዳበሪያ ሲጠፋ የአማራ ክልል ገበሬዎች ሰልፍ እስከ መውጣት ደርሰዋል። እነዚያን ሰዎች አያቶቻችሁ ያለ ማዳበሪያ ኖረዋል ብሎ የሚያጽናና ካለ ፊት ለፊታቸው ቆሞ ይንገራቸው።

አሁን ጸሐፊው ከፊል እውነት ወደ ያዙበት ልምጣ። ገበያው ላይ ያለው አትክልት ያሳስባል ማለታቸው ትክክል ነው። የእህቴ ልጅ ወረታ አካባቢ በመስኖ ሽንኩርት ያለማል። እርሱ ዘንድ ሄጄ ያየሁትን ልናገር። መርጫውን በጀርባው አዝሎ፣ ጓንት ሳያደርግ፣ አፍንጫውን በነጠላ ጫፍ ሸፍኖ ማላታይን የተባለውን ፀረ-ተባይ ይረጫል። ነፋሱ ሲዞር ፊቱ ላይ ይመለስበታል። በጠርሙሱ ላይ ያለው ማስጠንቀቂያ በእንግሊዝኛ ነው። ከተረጨ በኋላ ስንት ቀን ሳይሞላው መሰብሰብ እንደሌለበት ጠይቄው “ጋሼ፣ ነጋዴው መኪናውን ይዞ ሲመጣ ነው የሚነቀለው” አለኝ። ባዶውን ጠርሙስ ልጆቹ ለጨዋታ ወስደውት አግኝቼ ተቆጥቻለሁ፤ ሳሳየውም ገርሞታል፣ ማንም ነግሮት አያውቅምና።

ገበሬዎቻችን ይህን ነገር “መድኃኒት” ይሉታል፤ ጸሐፊው “መርዝ” ይሉታል። ስሙ የየቆሙበትን ቦታ ያሳያል። እኔን የሚያስቀይመኝ ግን ጽሑፉ ስለ በዪው ሸማች ብቻ መጨነቁ ነው። እኔ ሽንኩርቱን ልጬ፣ አጥቤ፣ ወጥ ውስጥ አቁላልቼ የምበላው ሰው የማገኘው ቅሪት ኢምንት ነው። መርዙን በጀርባው የሚሸከመው፣ በቆዳውና በሳንባው የሚቀበለው የእህቴ ልጅ ነው። ጸሐፊው ስለ እርሱ አንድ ዓረፍተ ነገር አልጻፉም፤ ይባስ ብለው ገበሬውንና አትክልት ነጋዴዋን “መራዦች” ወደ ማለት ይጠጋሉ። አራዳ ገበያ ድንኳን ሥር ከማለዳ ጀምራ ቲማቲም ደርድራ የምትውል እናት የት እንደተረጨ፣ መቼ እንደተረጨ የሚነግራት ሰው የለም። እርስዎ ያላወቁትን እርሷ እንዴት ትወቀው?

“የአበሻ ብቻ ምረጡ” የሚለው ምክርም ከዚሁ አለማወቅ የመጣ ነው። በእኛ ቋንቋ “የአበሻ” ማለት ዘሩን ነው። የአበሻ ጎመን፣ የአበሻ ዶሮ፣ የአበሻ ሎሚ እንላለን፤ ምን ተረጨበት፣ በምን ውሃ ለማ ማለታችን አይደለም። የአበሻ ጎመን ላይ ማላታይን ሊረጭ ይችላል፤ “የፈረንጅ” የምንለው ካሮት አንድም ነገር ሳይነካው ሊያድግ ይችላል። ሻጭ ደግሞ ገዢዋን ታውቃለች፤ “የአበሻ ነው?” ተብላ ከተጠየቀች “አዎ፣ የአበሻ ነው” ትላለች። እኔም ሻጭ ብሆን እላለሁ። ኦርጋኒክ የሚለው ቃል በአገራችን ሕግ አለው፤ በ1998 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 488 የኦርጋኒክ ግብርና ሥርዓትን የሚመለከት ነው። ነገር ግን ኦርጋኒክ ተብሎ ተመርምሮ የምስክር ወረቀት የሚያገኘው በአብዛኛው ወደ ውጭ የሚላከው ቡናና ሰሊጥ ነው። ጎንደር ገበያ ላይ ለአንዲት እስር ጎመን የምስክር ወረቀት የሚሰጥ የለም። ስለዚህ “ኦርጋኒክ ምረጡ” ብሎ ማለት ከምን መካከል እንደሚመረጥ ሳይናገሩ ምረጡ ማለት ነው። ደግሞ ኦርጋኒክ ማለት ምንም አልተረጨበትም ማለትም አይደለም፤ የኦርጋኒክ ደንቦች የመዳብ ሰልፌትንና ከፒሬትረም አበባ የሚወጣውን ፀረ-ተባይ ይፈቅዳሉ።

ታዲያ ምን ይደረግ ካሉኝ፣ ጥያቄውን ከዘሩ ወደ ውሃውና ወደ ቀኑ አዙሩት እላለሁ። ደንበኛ ያዙ። እኔ ሰላጣና ቆስጣ የምገዛት አንዲት እናት አለችኝ፤ ከየት እንደምታመጣ፣ ወንዙ የቱ እንደሆነ፣ ጉድጓድ ውሃ ከሆነም የማን እንደሆነ በጊዜ ብዛት አውቄያለሁ። መጀመሪያ ላይ ምን አገባህ የሚል ዓይን ነበራት፤ አሁን ሳልጠይቃት “የዛሬው ከዚያኛው አይደለም፣ ቀቅለህ ብላው” ትለኛለች። ይህን ያህል የሚያስተማምን ማኅተም አላየሁም። ጎመንና ቆስጣ ቅጠል በቅጠል በሚወርድ ውሃ ሥር በጣት እየታሸ ይታጠብ፤ ሳህን ውስጥ ዘፍዝፎ ማውጣት ቆሻሻውን ከአንዱ ቅጠል ወደ ሌላው ማዘዋወር ነው። ካሮትና ድንች ይላጥ። ወንዙን ያላወቃችሁትን ሰላጣ በጥሬው አትብሉ።

ኦርጋኒክ በንጥረ ምግብ ይበልጣል የሚለውን በአጭሩ ላልፈው። በ2012 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ብዙ ጥናቶችን አሰባስበው መርምረው በንጥረ ምግብ ይህ ነው የሚባል ብልጫ አላገኙም፤ የፀረ-ተባይ ቅሪቱ ግን ዝቅ ያለ መሆኑን አይተዋል። በ2014 የኒውካስል ተመራማሪዎች 343 ጥናት አሰባስበው ኦርጋኒኩ ሰውነትን ከጉዳት ይጠብቃሉ በሚባሉት አንቲኦክሲዳንቶች ከፍ፣ መርዛማ ብረት በሆነው በካድሚየም ዝቅ ያለ ነው ብለዋል። ሁለቱም ዓመት በጎርጎርዮሳዊው ነው። ሊቃውንቱ ገና ይከራከራሉ። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው፦ ጎመኑን ቀቅለን ውሃውን ስንደፋ ቫይታሚን ሲውን አብረን እንደፋለን፤ ከዚያ ቁጭ ብለን ጎመኑ ኦርጋኒክ ነው አይደለም እንባባላለን።

የመጨረሻው ነጥብ “ያለ ምንም ወጪ በየጓሮአችን” የሚለው ነው። ይህን የጻፈ ሰው ሚያዝያ ላይ ጎንደር ውስጥ ጓሮ አጠጥቶ አያውቅም። ክረምቱ ሰኔ ገብቶ መስከረም ላይ ይወጣል፤ ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው ከእጅ ነው። እኔ ያለኝ ወደ አሥር ካሬ ሜትር መደብ ነው። በበጋ ለአንድ ካሬ ሜትር በቀን አምስት ሊትር ያህል እቆጥራለሁ፤ በድምሩ 50 ሊትር፣ ማለትም ሁለት ጀሪካን ተኩል በየቀኑ። የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ፣ ውሃ በፈረቃ እየመጣ፣ አንዳንዱ ሰፈር ሳምንት ሙሉ ጠብ ሳይልለት፣ ጀሪካን በጋሪ እየተገዛ በሚኖርበት ከተማ ሁለት ጀሪካን ተኩል “ያለ ወጪ” ይባላል? ሮቶ ያለው ይቻለዋል። የሌለው የልጁን መታጠቢያ ለጎመን አይሰጥም።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። እህልና አትክልት የታጠበበትን ውሃ በባልዲ አጠራቅሜ ቀኑ ሲበርድ አጠጣበታለሁ። ሳሙና የነካው ውሃ ለጌሾው ነው። መደቡን በደረቅ ሣር አለብሰዋለሁ፤ ይህ ብቻውን የውሃውን ፍጆታ ወደ ግማሽ አውርዶልኛል። ባሕር ዛፍ ካለበት አጥር ርቄ እተክላለሁ፤ ያ ዛፍ ለጎረቤቱ አያዝንም። ጎመኑ ላይ ክሽክሽ ሲወጣ የወረሰውን ቅጠል ቆርጬ እጥላለሁ፣ የቀረውን በሳሙና ውሃ አጥባለሁ፤ አንዳንድ ዓመት እርሱ ያሸንፈኛል። ዶሮ ለማርባት የሞከርኩበት ዓመት ደግሞ ጓሮውን ያጸዱት ዶሮዎቹ ነበሩ።

ቤት የሚከራየው ደግሞ አለ። ማራኪ ወይም ሳሙና በር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ከነቤተሰቡ የሚኖር ሰው ጓሮ የሚባል ነገር የለውም፤ ያለውም ቢሆን አከራዩ መደብ አስቆፍሮ አያስተክለውም። ለእርሱ የሚቻለው ኮረኮንቹ ደጅ ላይ አፈር የተሞላ ከረጢት አቁሞ ጎመን መትከል ነው። ይህ መልካም ነው፤ ሦስት ከረጢት ጎመን በሳምንት አንድ ጊዜ የሚቀጠፍ ቅጠል ይሰጣል። ከረጢቱን ግን በአማርኛ ምን እንደምንለው ያስታውሱ፦ ማዳበሪያ። የዩሪያው ጆንያ ስሙን ለሁሉም ጆንያ አውርሶት ኦርጋኒክ ጎመናችንን “ማዳበሪያ ውስጥ” እየተከልን ነው። ጸሐፊው ይህን ሲያነቡ እንደማይስቁ እገምታለሁ፤ እኔ ግን ሲተክሉ ባየሁ ቁጥር እስቃለሁ።

ጓሮ ከገበያ ይገላግላል የሚሉትንም አልቀበልም። የእኔ አሥር ካሬ ሜትር ዓመቱን ሙሉ አያሳጣኝም ብዬ የምምለው በሶብላን፣ ጤና አዳምን፣ ቃሪያንና ጎመንን ብቻ ነው። ቀይ ሽንኩርት ሞክሬ ነበር፤ ለአንድ ዶሮ ወጥ የሚበቃ እንኳ አልወጣም። ቲማቲሙን ሻጋታ ወሰደው። ሽንኩርቱ ዛሬም ከወረታ ነው የሚመጣው፤ ጤፉ ከደምቢያ። የእህቴ ልጅ ካልረጨ ይከስራል፣ ከረጨ ይታመማል፤ የሚቀጥለው ዓመት ገበያዬም ያለው በእርሱ እጅ ነው። ባለፈው ፋሲካ ሲመጣ የጎማ ጓንትና የአፍ መሸፈኛ ገዝቼለት ሄዷል። ማላታይኑን ከረጨበት ቀን ጀምሮ የሚቆጥርበት ትንሽ የግድግዳ ቀን መቁጠሪያም ሰጥቼዋለሁ። ጓንቱን በመጀመሪያው ሳምንት ቀደደው፤ ቀን መቁጠሪያው ላይ ግን ምልክት እያደረገ መሆኑን ሚስቱ ነግራኛለች።

ጸሐፊው ጎንደር ውስጥ ካሉና ጽሑፌን ካነበቡ፣ ጎመን ችግኝ አለኝ፤ ሰኔ ላይ አፈላለሁ። እርሳቸውም መጥተው ይውሰዱ፤ ከብስባሹም ባለፈው ክረምት የተከመረውን እሰጣቸዋለሁ። ከዚያ በፊት ሚያዝያ ላይ ጓሮውን ማየት ከፈለጉ ግን አንድ ጀሪካን ውሃ ይዘው ይምጡ።